ከግድግዳው የጠፉት ሰባት ቁጥሮች

ማክሰኞ ነሐሴ 13 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ መካ ኩዳይ በሚገኘው የአውቶቡስ መናኸሪያ አቶ እንድሪስ ይመር አረፉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሰባት ነበር። ወደ ታላቁ መስጊድ፣ ወደ ሐረም፣ የሚወስደውን አውቶቡስ ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠው የሆቴል ሠራተኛ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት ነበርና አውቶቡሱ ሲመጣ «አባቴ፣ ደረሰልን» ብሎ ትከሻቸውን ነካ።

እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ መካ መግባት አልችልም። ከላይ የጻፍኩትን በዓይኔ አላየሁም። ከሆቴል ሠራተኛው፣ አስከሬኑን ከተረከበችው ልጃቸው ከሰሚራና ከሆስፒታሉ ወረቀት አመሳክሬ ነው የጻፍኩት። ሦስቱ በሰዓቱ ላይ የአሥር ደቂቃ ልዩነት አላቸው። ጋሽ እንድሪስ ቢሰሙ በዚያች አሥር ደቂቃ ይቆጡ ነበር። ለእሳቸው አሥር ደቂቃ ማለት ወንዝ ዳር ያለ ሰው ከብቱን ፈትቶ ዳገት የሚያወጣበት ጊዜ ነው።

ሃያ ስምንት ዓመት የሠሩት አገር ቤት፣ በአንድ የኃይል ማመንጫ ግድብ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነው። የግድቡን ስም አልጽፍም፤ ምክንያቱን አንባቢ በኋላ ይረዳዋል። ወንዙ ከግድቡ በታች ሦስት ወረዳ አቋርጦ ድንበር ይሻገራል። ክረምት ሐይቁ ሲሞላ የማስተንፈሻ በሮቹ ይከፈታሉ። በር በተከፈተ በሦስት ሰዓት ውስጥ ውሃው የመጀመሪያው ቀበሌ ይደርሳል። የጋሽ እንድሪስ ሥራ፣ በቅጥር ደብዳቤያቸው ላይ እንደሰፈረው፣ ከበላይ ትእዛዝ ሲመጣ በሩን መክፈትና መዝጋት ነበር። ከመክፈታቸው በፊት ወደ ታች እንዲደውሉ ያዘዛቸው ሰው የለም። እሱን ያመጡት ራሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ ያየኋቸው ጅዳ፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ ልዑክ ከአገር ቤት መጥቶ ስለ ወንዞቻችንና ከጎረቤት አገሮች ጋር ስላለን ትብብር ገለጻ ያደርግ ነበር። ከፊት ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የአየር መንገድ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከኋላ በወር ሁለት ጊዜ የምትገኘውን የዓርብ እረፍታቸውን ሰውተው የመጡ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። የልዑኩ መሪ ፎቶ ያሳያል።

«ይህ የታደሰው መቆጣጠሪያ ክፍላችን ነው» አለ። ስክሪኑ ላይ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ግድግዳ ታየ። ተጨበጨበ።

ከኋላ ነጭ ቆብ ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ ተነሡ። እጃቸውን አላወጡም።

«እዚያ ግድግዳ ላይ ሰባት ስልክ ቁጥር ነበር። የት አደረሳችሁት?»

«አባታችን፣ ጥያቄ በወረቀት ነው።»

«በወረቀትም ሰጥቻችሁ ነበር። እሱንስ የት አደረሳችሁት?»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ከፊት አንዱ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ የዛሬው ስብሰባ ስለ ግድብ ነው፤ የስልኩ ሌላ ቀን ነው» አለ። ሳቁ በረታ።

«አንተ ዋና ትችላለህ?» አሉት።

ሰውየው ወደ ፊት ዞረ።

«አትችልም። እንግዲያው አትሳቅ።»

የልዑኩ መሪ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በተፋሰሱ አገሮች መካከል የመረጃ ልውውጥ ሥርዓት በመዘርጋት ላይ መሆኑን ተናገረ።

«ተዘርግቶ ነበር እኮ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «እናንተ ናችሁ ቀለም የቀባችሁበት።» ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ።

ተከትያቸው ወጣሁ። ጋዜጠኛ መሆኔን ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

«ስለ ቁጥሮቹ ይንገሩኝ።»

«ደብተር ይዘሃል?» መቅረጫዬን ሳወጣ እጃቸውን አወዛወዙ። «እሱን ተወው። ጻፍ። የሚጽፍ ሰው ያልገባውን መልሶ ይጠይቃል።»

የሚኖሩት በኒ ማሊክ ውስጥ፣ ከአንዲት የቅመማ ቅመም ሱቅ በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት፣ ከሰሚራ ጋር ነበር። ሰሚራ ነርስ ናት፤ አባቷን ያመጣቻቸው በእሷ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዷ፣ ነው። የተቀመጡበት ክፍል ግድግዳ ባዶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ስልክ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፣ መነጽራቸው በላዩ። ከሰኔ እስከ መስከረም ያ ስልክ ከእጃቸው አይርቅም። ሲሰግዱ ከምንጣፋቸው አጠገብ ያኖሩታል። ሰሚራ «አባ፣ ሶላት ላይ ስልክ?» ብላ ስትቆጣቸው ሰምቻለሁ።

«ከጠራ አቋርጬ አነሳለሁ። ነፍስ ለማዳን ሶላት እንደሚቋረጥ አንቺም ቁርአን ቤት ተምረሻል።»

የነገሩኝን በዚያ ዓመት በስድስት ቀጠሮ ጻፍኩ፤ በኋላ ከሌሎች ሁለት የቀድሞ ሠራተኞች ጋር አመሳከርኩት። ነገሩ ይህ ነው።

ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ክረምት፣ በር በከፈቱ ማግሥት ከፈረቃ ሲወጡ፣ ከታች አንዲት ሴት በውሃ የተወሰደ ማሳዋን ለማሳየት ሰባት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ግድቡ በር ላይ ቆማ አገኟት። ሴትየዋ አልጮኸችም። «ልትለቁት እንደሆነ አንድ ሰው ቢነግረን ምናለበት?» ብቻ አለቻቸው።  ጋሽ እንድሪስ በሚቀጥለው ሳምንት በእረፍት ቀናቸው ወንዙን ተከትለው ወርደው ስልክ ያለውን ሰው ፈለጉ። በዚያን ጊዜ ያገኙት አንድ ወፍጮ ቤት ብቻ ነበር። ቁጥሩን መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ ከስልኩ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት። ወረቀት ይጠፋል፣ ደብተር ይቆለፍበታል፣ ግድግዳ ግን በየትኛውም ፈረቃ ለገባ ሰው ይታያል ብለው ነው።

ከዓመት ዓመት ቁጥሩ ሰባት ደረሰ። ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ የመስጊዱ ኢማም፣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ ታንኳ ቀዛፊው ሙሄ፣ የሁለተኛው ወረዳ የቤተ ክርስቲያን ገበዝ፣ አንድ ዓሣ ነጋዴ። ሰባተኛው ድንበር ማዶ ነበር፤ የጎረቤት አገር የውሃ ልክ መለኪያ ጣቢያ ሠራተኛ፣ አቡ ዑመር። ጋሽ እንድሪስ በልጅነታቸው ቁርአን ቤት በተማሩት ዐረብኛ ያናግሩታል። «ይህን ያህል ለቅቄአለሁ፣ በዚህ ሰዓት ይደርስሃል» ይሉታል። እሱ ደግሞ ውሃው ሲደርሰው ስንት ሜትር እንደሆነ መልሶ ይነግራቸዋል፤ በዚያ ለሚቀጥለው ጊዜ ስሌታቸውን ያርማሉ። ሁለት መንግሥታት በአንድ ወንዝ ላይ ከተለዋወጡት መረጃ ሁሉ በየክረምቱ ሳይቋረጥ የቀጠለው ይኸው ነበር። ሁለቱም ለዚህ አንድ ቀን እንኳ አልተመሰገኑም።

አደዋወላቸው ደንብ ነበረው። ውሃው ቀድሞ ከሚደርስበት ይጀምራሉ። «ግድቡ ተከፈተ» አይሉም፤ እንዲህ ሲባል ሰው ይደናገጣል። የሚሉት «ውሃ በዚህ ሰዓት ይደርሳል፤ ምኑን አስቀድመህ ታወጣለህ?» ነው። ከዚያ ያነሳው ሰው ሰዓቱን እንዲደግምላቸው ያደርጋሉ። ካልደገመ ስልኩን አይዘጉም።

ከዚያ አንድ ክረምት መሥሪያ ቤቱ መዋቅር ቀየረ። ጋሽ እንድሪስ «የትምህርት ዝግጅታቸው አይመጥንም» ተብለው ሌላ ከተማ ወዳለ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። እሳቸው በሄዱ በሁለት ወር እንግዶች ግድቡን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ፤ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ይጽዳ ተባለ። ቀለም ቀቢ መጣ። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። አንድ አለቃ «ቆሻሻ ነው፣ ቀባው» አለው። ይህን የነገረኝ አብሮ የነበረ ሠራተኛ ነው።

እንግዶቹ መጡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ጠዋት፣ በር እንዲከፈት ታዘዘ። ፈረቃ ላይ የነበረው ልጅ መደወል እንዳለበት ያውቃል፤ ቁጥሩ ግን የለም። ዋናው መሥሪያ ቤት ደውሎ ጠየቀ። በደብዳቤ ጠይቅ አሉት። ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ደወለ፤ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ስልክ አይሠራም። በሩ በሰዓቱ ተከፈተ።

ስንት ሰው እንደሞተ ስጠይቃቸው ተቆጡ።

«ቁጥር አትጠይቀኝ። ስም ጠይቀኝ።»

ጠየቅኋቸው። ታንኳ ቀዛፊው ሙሄ። ከገበያ የሚመለሱ እህትማማቾች፣ ፋጡማና ከድጃ። አበበ የሚባል ጨው ነጋዴ። የአበበ ልጅ፣ ታደለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፉ ደብተሬን ይመለከታሉ፤ ጽፌ ሳልጨርስ አይቀጥሉም።

መሥሪያ ቤቱ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። የኮሚቴውን ውሳኔ ቅጂ አይቻለሁ። አንቀጽ አንድ፦ አቶ እንድሪስ ይመር የመንግሥት ሕንፃ ግድግዳ ላይ በመጻፍ ንብረት አበላሽተዋል። አንቀጽ ሁለት፦ ሲዛወሩ ቁጥሮቹን በሰነድ አላስረከቡም። ግድግዳው እንዲቀባ ስላዘዘው ሰው አንድ መስመር የለም። በሩ እንዲከፈት ስላዘዘውም የለም። አምስት ሰው ሞቶ የተቀጣው ቁጥራቸውን የጻፈው ነው።

እሳቸውም ሰባቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፈው፣ ስምና ቦታ ጨምረው፣ ለመዝገብ ቤት አስገቡ። «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም ያለበት ቀሪው አሁንም አለ። ከሦስት ቀን በኋላ ጠሯቸው። ሰባተኛው ቁጥር የውጭ አገር መሆኑ ታይቶ ነበር።

«ማነው ከውጭ መንግሥት ሠራተኛ ጋር እንድትነጋገር የፈቀደልህ?» አላቸው ኃላፊው።

«ወንዙ» አሉት።

በዚህ መልስ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተጨመረባቸው። ዝርዝሩ «ምስጢር» ተብሎ ተቆለፈ። ከመቆጣጠሪያ ክፍል ወደ ውጭ ሰው መደወል ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ሰርኩላር በዚያው ነጭ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ጡረታቸው ሲደርስ ሰሚራ ወደ ጅዳ አመጣቻቸው።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሙያ ቆይቻለሁ። ደብተሬ ላይ ስድብ ጽፌ አላውቅም። ያን ሰርኩላር ባየሁበት ቀን ገጽ ላይ አንድ ጽፌ ሰርዤዋለሁ።

ሥራው ግን አልቆመም። በተዋወቅን በሁለተኛው ክረምት በዓይኔ አየሁት። በኒ ማሊክ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ስልኩ ጠራ። ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ አንድ ሠራተኛ ነው። «አጎቴ፣ እንዴት ነዎት? ጉልበትዎ እንዴት አደረ?» ይላል። ጋሽ እንድሪስ «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚያመኝ?» ይሉታል። «ከአምስት ሰዓት» ይላል። «የቀኙ ብቻ ነው ወይስ ሁለቱም?» «ሁለቱም።» ስልኩ ተዘጋ። መነጽራቸውን አድርገው ሰባቱን አንድ በአንድ መደወል ጀመሩ። ሁለት በር፣ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ።

ሠራተኛው ራሱ ለሰባቱ ሰዎች ለምን እንደማይደውል ጠየቅኳቸው።

«ስልኩን ይፈትሹታል። ሰባት ቁጥር፣ አንዱ ድንበር ማዶ! ያበቃለታል። ጅዳ ያለ በሽተኛ አጎቱን ቢጠይቅ ግን ማን ምን ይለዋል?»

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉት። ከግድቡ በሦስት ሰዓት ውሃ ርቀት ላይ ላለ ሰው የሚነገረው ወሬ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጅዳ ገብቶ፣ ከቅመም ሱቅ በላይ ካለች ክፍል ተመልሶ ይሻገር ነበር። የተለጠፈውን ሰርኩላር ለመሻር አንድ ፊርማ ይበቃል።

አንድ የኅዳር ቀን ጅዳ ዝናብ ሊዘንብ ሲል የሁላችንም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ ጎርፍ ስለሚኖር ከዝቅተኛ መንገዶች ራቁ የሚል የመንግሥት መልእክት ነው። ጋሽ እንድሪስ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አየህ? ይቻላል» አሉ።  «በሰው አገር፣ ለእኔ ለባዕዱ ተደወለልኝ።» 

ሲስቁ ያየኋቸው አንድ ጊዜ ነው። አቡ ዑመር ለዑምራ መካ መጥቶ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በስልክ ሲነጋገሩ መልክ ለመልክ አይተዋወቁም። ኩዳይ፣ እሱ ያረፈበት ሆቴል መግቢያ ላይ ተገናኙ።

«ገና አቅፎኝ ሳይጨርስ» አሉኝ ጅዳ ሲመለሱ፣ «"ሐይቁ ዛሬ ስንት ላይ ነው?" አይለኝ መሰለህ!»

«እርስዎስ?»

«ነገርኩታ። ጠዋት ጠይቄ ነበር።» እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከእኔ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስማቸው እንዲጠራ አልጠየቁም። ውሳኔው እንዲሻርም አልጠየቁም። «ቁጥሮቹን ወደ ግድግዳው ይመልሱ በላቸው። እኔ አንድ ቀን እሞታለሁ። ያን ጊዜ ማን ይደውላል?»

ለመሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። በር ከመከፈቱ በፊት ከታች ላለው ሕዝብ የሚደውለው ማን ነው? በየትኛው ቁጥር? ሁለቱ ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም። ለሦስተኛው «ለሚመለከታቸው አካላት በተዋረድ ይገለጻል» የሚል መልስ መጣ። ተዋረዱ ማን ጋ እንደሚያልቅ በስልክ ጠየቅሁ። «እሱን አጣርተን» ተባልኩ። አላጣሩም። እኔም ዘገባውን አላወጣሁትም፤ ካወጣሁት ፈረቃ ላይ ያለው ልጅ ይታወቃል፣ ያቺ አንዲት ጥሪም ትቋረጣለች። ጋሽ እንድሪስ ይህን ስነግራቸው ተቃውሞ አላሰሙም። ግን ከዚያ በኋላ በመጣሁ ቁጥር የመጀመሪያ ቃላቸው «መለሱ?» ነበር።

እኔ ስጽፍና ስጠብቅ እሳቸው ሌላ ሰው ፈልገው ነበር። ዘሃራ እላታለሁ፤ ስሟ ግን ይህ አይደለም። ኦብሑር ባሕሩ ዳር ባለ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ናት። ቤተሰቦቿ የመጀመሪያው ቀበሌ ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ በታች ይኖራሉ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ስትመጣ ጋሽ እንድሪስ ያስጠኗታል።

«እሺ፣ እኔ ገበዙ ነኝ። ደወልሽ። ምን ትያለሽ?»

«ጋሼ፣ ውሃ በስምንት ሰዓት...»

«መጀመሪያ ማን እንደሆንሽ አትናገሪም? ዝም ብሎ የሚያወራ ሰው ማን ያምናል?»

«ውይ ጋሼ! ማዳም እንኳ እንዲህ አታስጨንቀኝም።»

«ማዳም ምን ቸገራት፤ ብርጭቆ ነው የሚሰበርባት። በይ ያላ፣ እንደገና።»

ማዳም ስልክ ስትይዝ ብታገኛትስ ብዬ ስጠይቅ ዘሃራ ሳቀች። «ማዳም እስከ ቀትር ሶላት፣ እስከ ዙህር ነው የምትተኛው። ጠዋት ከሆነ አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነው። ከሰዓት ከሆነ መታጠቢያ ቤት እገባለሁ፤ ኻላስ።»

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ከስተዋል። «መለሱ?» አሉኝ። አልመለሱም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ስልኩን በጠረጴዛው ላይ አስተካክለው፣ መነጽራቸውን በላዩ አኖሩ።

ማክሰኞ ዕለት መካ ተቀበሩ። የሆቴል ሠራተኛው ስልካቸውንና መነጽራቸውን ለሰሚራ ሰጣት። ሰሚራ ስልኩን ዓርብ ዕለት ለዘሃራ ሰጠች።

ጅዳ ይደውል የነበረው የፈረቃ ሠራተኛ አሁን ከዚያ መሥሪያ ቤት ለቋል፤ ይህን እስኪለቅ ጠብቄ ነው የምጽፈው፣ በፈቃዱም ነው። መሞታቸውን አልሰማም ነበር። ሰኞ ነሐሴ 19 ቀን ጠዋት እንደ ወትሮው ደወለ።

«አጎቴ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«አጎትህ አርፏል» አለችው ዘሃራ። «እኔ ነኝ ያለሁት። ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚያመው?»

 ልጁ ሰዓቱን ነገራት። ሁለቱም ለየብቻ በአንድ ዓይነት ቃል ነግረውኛል፤ የስልኩንም መዝገብ አይቻለሁ።

መሥሪያ ቤቱ በማግሥቱ ባወጣው መግለጫ፣ ውሃው ከመለቀቁ በፊት ለሚመለከታቸው ሁሉ አስፈላጊው ማስጠንቀቂያ መሰጠቱን፣ በሰውና በእንስሳት ላይ ጉዳት አለመድረሱን አስታወቀ። ሰባቱን ሰዎች ደውዬ አነጋገርኳቸው፤ በታንኳ ቀዛፊው ፋንታ ስልኩን የምታነሳው ባለቤቱ ናት። ጉዳት አለመድረሱ እውነት ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የተደወለለት ሰው የለም። ሰባቱም የተደወለላቸው ከአንድ የሳዑዲ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ጥሪ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ፣ የመጨረሻው ሦስት ሰዓት ከሁለት ላይ ነው። የጅዳና የግድቡ ሰዓት አንድ ነው። በሮቹ የተከፈቱት አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው።